በጃፓን የኮያሳን ገዳማት ውስጥ አንድ ሌሊት ለማደር፦ ከቦታ ማስያዝ እስከ ንጋት ጸሎት ያለው ዝርዝር መመሪያ

ወደ ኮያሳን ከሚሄዱት ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ተራራው ላይ ከወጡ በኋላ ሳይሆን ገና ከታች ሳሉ፣ በሰዓት አያያዝ ነው። በቡድሂስት ገዳም ማደር በሆቴል እንደማደር አይደለም፤ እራት በተወሰነ ሰዓት ይቀርባል፣ በሩ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል፣ ጸሎቱም በተወሰነ ሰዓት ይጀመራል፤ መነኮሳቱ ለአንድ እንግዳ ብለው ይህን ሥርዓት አያዛውሩትም። እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደርሼ ነው። በሩ ተከፍቶልኛል፣ ክፍልም ተሰጥቶኛል፤ እራቱ ግን ተነሥቶ ነበር። ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ ያደርሁት ከመንደሩ ሱቅ በገዛሁት፣ በባሕር አረም በተጠቀለለ ሩዝ ነው።

ኮያሳን ከኦሳካ በስተደቡብ፣ በዋካያማ ግዛት፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ዙሪያውን በተራሮች የተከበበ ሜዳ ነው። በላዩ 117 ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ከእነዚህ 50 ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ይህ ዓይነቱ የገዳም ማደሪያ «ሹኩቦ» ይባላልና ቃሉን ይያዙት፤ ሲያስይዙም ሆነ መንገድ ሲጠይቁ ያስፈልግዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሰዓቱንና ቀኑን ያስተካክሉ

ከዚህ በታች የሚገኙት ሰዓቶች በጃፓን የ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ሁሉ የእኛ አቆጣጠር በቅንፍ ተጨምሯል። ይህ የሚያሰለች ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «ጸሎት 6:00» የሚለውን «6 ሰዓት» ብሎ ማስታወሻው ላይ የጻፈ ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ ነው ብሎ ተኝቶ ሲያረፍድ አይቻለሁ። 6:00 ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ቀኑንም እንዲሁ፤ ከመስከረምና ከጥቅምት ጋር ሲያመሳስሉ በአሥር ቀን እንዳይሳሳቱ፣ ከማስያዝ እስከ ቪዛ ድረስ ያለውን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ይምረጡ

1. የመጀመሪያ ጉዞዎ ከሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ወይም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሂዱ (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

2. የቅጠሉን መቅላት ለማየት በጥቅምት መጨረሻ የሚሄዱ ከሆነ ከብዙ ወራት በፊት ያስይዙ፤ በዚያ ጊዜ የቅዳሜና እሑድ ማደሪያ ቀድሞ ያልቃል።

3. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ በረዶ እንደሚጥልና ሙቀቱ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ይወቁ። ክፍልዎ ማሞቂያ ይኖረዋል፤ ኮሪደሩ፣ መታጠቢያ ቤቱና የጸሎት አዳራሹ ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም። የአዲስ አበባን የነሐሴ ብርድ የለመደ ሰው «ብርድ አውቃለሁ» ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ይህኛው ሌላ ነው።

4. ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ፣ ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት የናንካይ ባቡር ድርጅትን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ከባድ ዝናብ ሲኖር ወደ ተራራው የሚወጣው መስመር ሊቋረጥ ይችላል።

ለሴት አንባቢዎች አንድ ነገር፦ ኮያሳን እ.ኤ.አ. እስከ 1872 ድረስ ለሴቶች የተዘጋ ነበር። ደብረ ዳሞን የሚያውቅ ሁሉ ይህን መጠየቁ አይቀርምና ለማስታወስ ያህል ነው፤ ዛሬ ይህ ክልከላ የለም፤ ሴቶች በማደሪያውም በጸሎቱም እንደ ማንኛውም እንግዳ ይስተናገዳሉ።

ደረጃ 2፦ ማደሪያ ያስይዙ

1. በኮያሳን ሹኩቦ ማኅበር በኩል ወይም በተለመዱት የሆቴል ማስያዣ ገጾች ያስይዙ። ሁለት ምግብ፣ ማለትም እራትና ቁርስ፣ የተካተተበትን ዓይነት ይምረጡ። በተራራው ላይ ከምሽት በኋላ ምግብ የሚሸጥ ቤት እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ያለ ምግብ ማስያዝ የሚቆጥብልዎት ገንዘብ ረኃቡን አይከፍልም።

2. ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው እንደሚቆጠር አይርሱ። ለአንድ ሰው ከሁለት ምግብ ጋር በአብዛኛው ከ10 ሺህ የን በላይ ነው፤ የግል መታጠቢያ ያለው ክፍል ከዚህም ብዙ ይበልጣል። ብቻቸውን ለሚመጡ እንግዶች ጭማሪ የሚጠይቁ ወይም ጨርሶ የማይቀበሉ ገዳማት ስላሉ ይህን አስቀድመው ያረጋግጡ።

3. ሲያስይዙ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የመጨረሻው የመግቢያ ሰዓት ስንት ነው? የንጋት ጸሎቱ በስንት ሰዓት ነው? ክፍያው በካርድ ይቻላል ወይስ በጥሬ ገንዘብ ብቻ? መታጠቢያው የጋራ ነው ወይስ የግል?

4. በአንገትዎ፣ በግንባርዎ ወይም በእጅዎ ላይ ንቅሳት ካለዎት በዚሁ ደብዳቤ ይግለጹ። በጃፓን አንዳንድ የጋራ መታጠቢያዎች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳትና የግንባር መስቀል ከሚያስፈራቸው ነገር ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረውም፣ በር ላይ ቆሞ ከመከራከር አስቀድሞ መጠየቁ ይሻላል።

ቦታ ቢያጡስ? ከኮያሳን በታች ባለችው በሃሺሞቶ ከተማ ወይም በኦሳካ አድረው በማለዳ መውጣት ይችላሉ። የንጋቱ ጸሎት ያመልጥዎታል፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ቀን ይታያል።

ደረጃ 3፦ ቪዛና ትኬት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው በአዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ይቀርባል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሌላ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ደግሞ በሚኖርበት አገር ላለው የጃፓን ኤምባሲ ያመለክታል። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም።

ኤምባሲው ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ በየቀኑ የት እንደሚያድሩ የሚያሳይ የቆይታ መርሐ ግብር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ማደሪያ ያስይዙ፣ ቀጥሎ መርሐ ግብሩን ይሙሉ፣ ከዚያ ያመልክቱ፣ የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት ግን ቪዛው እጅዎ ሳይገባ አይግዙ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሰጠው ቪዛ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለ3 ወራት በመሆኑ እጅግ ቀድሞ ማመልከትም ችግር አለው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው በቶኪዮ አቅራቢያ ባለው በናሪታ እንጂ በኦሳካ አይደለም። ናሪታ ላይ አርፈው በዚያው ዕለት ኮያሳን ለማደር አያቅዱ፤ አይደረስም።

ደረጃ 4፦ የጾም፣ የሐላልና የሕመም ጉዳይ

በገዳሙ የሚቀርበው «ሾጂን ርዮሪ» ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት፣ መረቁም ከባሕር አረምና ከደረቅ እንጉዳይ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። በሌላው የጃፓን ክፍል ጾመኛን የሚያስቸግረው ከዓሣ የሚሠራው መረቅ በሁሉም ነገር ውስጥ መኖሩ ነው፤ እዚህ ያ ችግር የለም። ሆኖም ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ያስተካክሉ።

1. ምግቡ የጾም ቢሆንም ሰዓቱ የጾም አይደለም። ቁርስ የሚቀርበው ከጸሎቱ በኋላ ወዲያው፣ 7:00 (ከጠዋቱ 1 ሰዓት) አካባቢ ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ቁርስ እንደማይበሉ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩ። ተዘጋጅቶ የቀረበን ምግብ ሳይነኩ መተው በዚያ ቤት ትልቅ ነውር ነው። እራቱ ግን 17:30 (ከቀኑ 11:30) ገደማ ስለሚቀርብ ከጿሚ ሰው ሰዓት ጋር ይስማማል።

2. ሙስሊም አንባቢዎች፦ ሥጋ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም። «ሚሪን» እና «ሳኬ» የተባሉት አልኮል ያለባቸው መጠጦች በወጥ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህን ሳይጨምሩ ማብሰል ይችሉ እንደሆነ ሲያስይዙ ይጠይቁ እንጂ ማዕድ ላይ ከተቀመጡ በኋላ አይጠይቁ።

3. ስንዴ፣ አኩሪ አተር ወይም ሰሊጥ የማይስማማዎት ከሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ያድርጉ። የአኩሪ አተር ድልሁ ስንዴ አለበት፤ የተራራው መለያ የሆነው «ጎማ ዶፉ» ደግሞ ከሰሊጥ የሚሠራ ነው። ወጥ ቤቱ መለወጥ አልችልም ካለዎት ቃሉን ተቀብለው ያለ ምግብ ያስይዙና ስንቅዎን ይዘው ይሂዱ።

ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዘው ቢሄዱ የሚከለክልዎት የለም። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት የገባበትን በርበሬ ወይም ዳጣ በገዳሙ ማዕድ ላይ አይክፈቱ። በዚህ ወጥ ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከሥጋ እኩል የተከለከሉ ናቸው፤ ሽታው በወረቀት በር አይቆምም።

ደረጃ 5፦ ሻንጣና ገንዘብ

1. ትልቁን ሻንጣ ኦሳካ ላይ በባቡር ጣቢያ መቆለፊያ ሣጥን ውስጥ ይተዉት። ለአንድ ሌሊት የሚበቃዎትን በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ብቻ ይያዙ። የሻንጣ ጎማ ታታሚ በሚባለው የሰሌን ወለል ላይ አይጎተትም፤ ወለሉን ይቧጭራል።

2. በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ፤ በአንድ ቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ያወልቁታል።

3. ሁለት ሦስት ጥንድ ያልተቀደደ ካልሲ ይያዙ። ቀልድ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚታየው የእርስዎ ካልሲ ነው።

4. የማደሪያውን ሒሳብና ለአንድ ቀን የሚበቃዎትን ጥሬ ገንዘብ፣ ሳንቲሙንም ጨምሮ፣ ከኦሳካ ሳይወጡ በየን ይያዙ። ዶላር ተራራው ላይ ወረቀት ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ተራራው መውጣት

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቁጠሩ። በገዳሙ በር 16:00 (ከቀኑ 10 ሰዓት) ላይ ለመገኘት፣ ከኦሳካው የናምባ ባቡር ጣቢያ ቢዘገይ 13:30 (ከቀኑ 7:30) ላይ መነሣት አለብዎት። ጉዞው በሙሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ሰዓቱ ለስሕተት የተቀመጠ ነው። ከቶኪዮ የሚነሡ ከሆነ ሺንካንሴን የተባለው እጅግ ፈጣን ባቡር እስከ ኦሳካው ሺን ኦሳካ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ፣ ከ9:00 (ከጠዋቱ 3 ሰዓት) በኋላ አይነሡ። በካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ከሰዓት በኋላ የሚያርፉ ከሆነ ደግሞ ያን ሌሊት ኦሳካ ይደሩ።

1. ትክክለኛውን ናምባ ያግኙ። በኦሳካ «ናምባ» የሚል ስም የያዙ የተለያዩ ድርጅቶች ጣቢያዎች አሉ። የሚፈልጉት «ናንካይ ናምባ» የሚለውን ብቻ ነው። ከሺን ኦሳካ ሚዶሱጂ በተባለው ቀይ የምድር ውስጥ ባቡር ናምባ ወርደው የ«ናንካይ»ን ምልክት ይከተሉ። ከካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ከተነሡ ግን ናምባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ተንጋቻያ ላይ ወርደው ወደ ኮያ መስመር ይሻገሩ።

2. ትኬት ይግዙ። የጃፓን ሬይል ፓስ በናንካይ መስመር አይሠራም። ብዙ ተጓዥ «ፓስ አለኝ» ብሎ መግቢያው ላይ የሚቆመው እዚህ ነው። የደርሶ መልስ ባቡሩን፣ በገመድ የሚሳበውን ባቡርና የተራራውን አውቶቡስ አንድ ላይ የያዘ የቅናሽ ትኬት ስላለ በመጀመሪያ እርሱን ይጠይቁ።

3. ባቡሩን ይምረጡ። «ኮያ» የሚባለው ልዩ ፈጣን ባቡር መቀመጫው በቁጥር የተያዘና ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሳይቀያይሩ በ80 ደቂቃ ገደማ ከተራራው ሥር ወዳለው የመጨረሻ ጣቢያ፣ ወደ ጎኩራኩባሺ ያደርስዎታል። በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ካመለጠዎት ቀጣዩን አይጠብቁ፤ ተራውን ፈጣን ባቡር ይያዙ፤ እርሱም ከ100 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ተራው ባቡር ብዙ ጊዜ ሃሺሞቶ ላይ ስለሚያበቃ ሁሉም ሰው ሲወርድ አብረው ይውረዱና ወደ ጎኩራኩባሺ የሚሄደውን ይሳፈሩ።

4. ጎኩራኩባሺ ላይ ከጣቢያው አይውጡ። ከባቡሩ ወርደው ሰዉን ተከትለው በውስጥ መተላለፊያው ወደ ገመድ ባቡሩ ይሂዱ። 328 ሜትር ከፍታ በ5 ደቂቃ ያወጣዎታል። ወለሉ እንደ ደረጃ የተሠራ ነውና ሲገቡ እግርዎን ይመልከቱ።

5. ከኮያሳን ጣቢያ በእግር አይሂዱ። ይህ ዋነኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ከጣቢያው በመንደሩ መግቢያ እስካለው ኒዮኒንዶ ድረስ ያለው መንገድ ለአውቶቡስ ብቻ የተፈቀደ፣ እግረኛ የማይሄድበት ጠባብ ጠመዝማዛ ነው። ካርታዎ «በእግር 30 ደቂቃ» ቢልዎትም አይመኑት። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መቆሚያ የማደሪያዎን ስም ለሠራተኛው በጽሑፍ ያሳዩና የሚሳፈሩበትን ቁጥር ይጠይቁ።

6. አውቶቡሱ ላይ በኋላ በር ይግቡ፤ ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት ይውሰዱ፤ ሲወርዱ በፊት በር በኩል ወረቀቷንና ሒሳቡን ሣጥኑ ውስጥ ይጨምሩ። የመንደሩ መካከል የሆነው መቆሚያ ሰንጁይንባሺ ይባላል፤ ከጣቢያው 10 ደቂቃ ገደማ ነው።

ቢዘገዩስ? እንደሚዘገዩ ባወቁበት ቅጽበት ለገዳሙ ይደውሉ፤ ቋንቋው ካስቸገረዎት የባቡር ጣቢያውን ሠራተኛ እንዲደውልልዎት ይለምኑ። ከ17:00 (ከቀኑ 11 ሰዓት) በፊት የደወለ እንግዳ እራቱ ሊቀመጥለት ይችላል፤ ሳይደውል የዘገየ ግን እኔ የደረሰብኝ ይደርስበታል።

በእግር መውጣት የሚፈልጉ ከሆነ ጥንታዊው የምእመናን መንገድ ክፍት ነው። ከኩዶያማ አጠገብ ካለው ጂሶን ኢን ይጀምራል፤ በየ109 ሜትሩ በቆሙ 180 የድንጋይ ምሰሶዎች እየተመሩ በተራራው ምዕራባዊ በር፣ በዳይሞን በኩል ይገባሉ። ሰባት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከንጋት በኋላ ወዲያው ያልጀመረ ሰው በዚያው ቀን ለእራት አይደርስም።

ደረጃ 7፦ በገዳሙ በር

1. ጫማዎን ከመግቢያው ከፍታ በታች ያውልቁ፤ ያወለቁበትን መሬት በካልሲ ሳይረግጡ ቀጥታ ወደ ላይኛው እንጨት ይውጡ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ማውለቅ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም፤ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ በሚመጣው የነጠላ ጫማ ሥርዓት ነው።

2. በኮሪደሩ ላይ የተሰጠዎትን ነጠላ ጫማ ይጫሙ፤ ታታሚ ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ እርሱንም ያውልቁ። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሌላ ነጠላ ጫማ ያገኛሉ፤ ለዚያ ብቻ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ አድርጎ ወደ ኮሪደር መውጣት እንግዶች በብዛት የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ካደረጉት አይደንግጡ፤ መልሰው ያስቀምጡና ይቅርታ ይጠይቁ።

3. ሒሳቡን በዚያው ሰዓት ይክፈሉ። የእራትን፣ የመታጠቢያን፣ የጸሎትንና የበር መዝጊያን ሰዓት አስደግመው ይጻፉ። ብዙዎቹ በራቸውን 21:00 (ከምሽቱ 3 ሰዓት) ገደማ ይዘጋሉ።

4. የክፍሉ በር ተንሸራታች ወረቀት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቁልፍ የለውም። ፓስፖርትዎንና ገንዘብዎን በተሰጠዎት ትንሽ ካዝና ያስቀምጡ ወይም ይዘው ይዙሩ። የስልክ ወሬዎን ይቀንሱ፤ የጎረቤትዎ ትንፋሽ የሚሰማበት ግድግዳ ነው።

ደረጃ 8፦ እራት፣ መታጠቢያና መኝታ

እራቱ በየሰው ፊት በሚቀመጥ ቀይ ወይም ጥቁር ትንሽ ገበታ ላይ ይቀርባል። እጅ የሚያክል ሳሕን ላይ አንዲት ካሬ ነገር ትኖራለች፤ እንደ እርጎ የምትንቀጠቀጥ፣ ነጭነቷ ወደ አመድማ የሚያደላ፣ በላይዋ አረንጓዴ ቁንጥር ያለባት። ይህች ጎማ ዶፉ ናት፤ ከተፈጨ ሰሊጥና ከሥር ስታርች ተማስላ የረጋች እንጂ የአኩሪ አተር አይብ አይደለችም። አረንጓዴዋን ቁንጥር እንደ ዳጣ ቆጥረው በአንዴ አይጉረሷት፤ አፍንጫ የምትመታ ዋሳቢ ናት። እንደ ስፖንጅ ያለው፣ መረቅ የጠጣው ቁራጭ ደግሞ በብርድ ደርቆ የሚዘጋጀው «ኮያ ዶፉ» ነው።

ሳይበሉ የሚተዉት እንዳይኖር ይጣሩ፤ ሩዝ መጨመር ግን ነውር የለውም። በእግር ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ ካልቻሉ እግርዎን አጣጥፈው ይቀመጡ፤ የሚታመም ጉልበት ካለዎት ወንበር ይጠይቁ።

ለመታጠቢያው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦

1. የወንዱንና የሴቱን በር ለይተው ይግቡ፤ ልብስዎን ሙሉ በሙሉ በቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡ። በዋና ልብስ አይገባም።

2. በትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳሙናውን እስከ መጨረሻው ያለቅልቁ።

3. ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ገንዳው ይግቡ። ገንዳው ለመሞቅ እንጂ ለመታጠብ አይደለም። ፎጣና ፀጉር ውኃው ውስጥ አይነከሩ።

4. ሲወጡ መሰኪያውን አይንቀሉ፤ ውኃው ለሁሉም እንግዳ ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር ራቁት መታጠብ የማይሆንልዎት ከሆነ እራት ሳያልቅ ወይም መታጠቢያው ሊዘጋ ሲል ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ሰው አይኖርም። ለአንድ ሌሊት ሳይታጠቡ ቢያድሩም የሚጠይቅዎት የለም።

የሚሰጥዎትን «ዩካታ» የተባለ ቀሚስ ሲለብሱ የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ይደረብ። በተቃራኒው የሚለበሰው ለሬሳ ነው፤ አስተናጋጆቹም ካዩ ሳይስቁ ቀስ ብለው ያስተካክሉልዎታል። እራት ላይ ሳሉ ፍራሽዎ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ይጠብቅዎታል።

ደረጃ 9፦ የንጋቱ ጸሎት

1. ማንቂያዎን ከጸሎቱ 30 ደቂቃ በፊት ይሙሉ። ጸሎቱ እንደ ገዳሙ 6:00 ወይም 6:30 (ከንጋቱ 12 ወይም 12:30) ይጀመራል።

2. ዩካታ ለብሰው አይሂዱ፤ የመኝታ ልብስ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን የራስዎን ልብስ፣ ወፍራም ካልሲና በክረምት ካፖርት ይልበሱ።

3. ከ10 ደቂቃ በፊት ገብተው ከኋላ ይቀመጡ፤ ስልክዎን ያጥፉ። ፎቶ ማንሣት በአብዛኛው አይፈቀድም።

4. መነኮሳቱ በአንድ ድምፅ ሲያዜሙ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። በመካከሉ እንግዶች በየተራ ተነሥተው ቁንጥር ዕጣን በፍም ላይ እንዲጨምሩ ይጋበዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎች ይጨነቃሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ ዕጣን መጨመር፣ መስገድም ሆነ ጸሎቱን አብሮ መድገም ግዴታ አይደለም። እምነትዎ የማይፈቅድልዎት ከሆነ ሌሎቹ ሲነሡ በቦታዎ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይዎትም። ጨርሶ መገኘት ካልፈለጉም አስቀድመው ተናግረው በክፍልዎ መቆየት ይችላሉ። ነውር የሚሆነው በመካከል ተነሥቶ መውጣት ነው። እግርዎ ከደነዘዘ ሰውነትዎን ሳያስነሡ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያጥፉት፤ በደነዘዘ እግር ለመነሣት የሞከረ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ የወደቀውም የናስ ደወል ላይ ነበር።

ደረጃ 10፦ ኦኩኖይን

ይህ ስፍራ የገዳማቱ መሥራች ኩካይ (እ.ኤ.አ. 774–835) ያረፈበት፣ ምእመናኑ ግን በተመስጦ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ ብለው የሚያምኑበት ነው። ለዚህም ነው በየቀኑ 6:00 (ከንጋቱ 12 ሰዓት) እና 10:30 (ከጠዋቱ 4:30) ላይ መነኮሳት ምግብ በሣጥን ተሸክመው የሚወስዱለት። የምግቡን ሥነ ሥርዓት ማየት ከፈለጉ ለ10:30ው ይድረሱ።

1. ከኢቺኖሃሺ ድልድይ ይጀምሩ። አውቶቡሱ ላይ «ኦኩኖይን ማኤ» የሚለውን ስም አይተው እዚያ የሚወርዱ ብዙዎች ናቸው፤ ያ መቆሚያ ወደ አዲሱና አጭሩ መንገድ፣ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ወዳቆሟቸው መታሰቢያዎች የሚያስገባ ነው። እርስዎ «ኢቺኖሃሺ ጉቺ» ላይ ይውረዱ፤ በአዲሱ መንገድ ይመለሱበታል።

2. ድልድዩ ላይ ቆም ብለው ጎንበስ ይበሉና ይለፉ። እስከ መካነ መቃብሩ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳይቸኩሉ 40 ደቂቃ ይመድቡ። ግራና ቀኙ ከ200 ሺህ በላይ የመቃብር ድንጋዮችና የመቶ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው ጥዶች የሞሉበት ነው። ድንጋዮቹን አይደገፉ፣ አይቀመጡባቸውም። በክረምት የድንጋይ ንጣፉ ስለሚያንሸራትት ጎማው የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

3. ጎብዮባሺ በተባለው በሦስተኛው ድልድይ ፊት ይቁሙ። ካሜራዎን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፣ ኮፍያዎን ያውልቁ፣ የሚበላና የሚጠጣውን ይሸፍኑ። ከዚህ ድልድይ ወዲያ ፎቶና ቪዲዮ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ስልክዎን በእጅ መያዝ እንኳ ያስቆጣል። ነጠላ ወይም ሻሽ ያደረጉ ሴቶች ተቆጪ ቢመጣባቸው በሃይማኖት ምክንያት እንደለበሱት በእርጋታ ያስረዱ።

4. ከድልድዩ ባሻገር ያለውን የፋኖስ አዳራሽ በጸጥታ ይዩ፤ ከጀርባው ዞረው መካነ መቃብሩ ፊት ይቆማሉ። ከዚያ ድልድዩን ተሻግረው በአዲሱ መንገድ ወደ «ኦኩኖይን ማኤ» ይመለሱ።

በመሸ ጊዜ ብቻዎን አይግቡ። መብራቱ አነስተኛ ነው፤ በሌሊት ማየት ከፈለጉ በመነኩሴ የሚመራውን የምሽት ጉዞ ለማደሪያዎ ይጠይቁ።

ደረጃ 11፦ የቀረው ቀንና መውረድ

ከማደሪያዎ በ9:00 እና 10:00 (ከጠዋቱ 3 እና 4 ሰዓት) መካከል እንዲወጡ ይጠየቃሉ፤ ቦርሳዎን ግን ያስቀምጡልዎታል። የቀረውን ሰዓት ለሁለት ስፍራዎች ይስጡት። ጋራን በሚባለው ግቢ ውስጥ 48.5 ሜትር የሚረዝመውን ቀይ ግምብ፣ ኮንፖን ዳይቶን ይግቡበት፤ አጠገቡ ባለች አንዲት ጥድ ሥር ሰዎች አጎንብሰው ሲፈልጉ ካዩ ሦስት መርፌ ያላትን የወደቀች ቅጠል እየፈለጉ ነው፤ የመልካም ዕድል ምልክት ናት። ከዛፉ ላይ አይቁረጡ። ከዚያ ወደ ተራራው ዋና ቤተ መቅደስ፣ ወደ ኮንጎቡጂ ይሻገሩ፤ በውስጡ 2,340 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የአሸዋና የድንጋይ ግቢ አለ፤ የሚታየው ከበረንዳው ነው እንጂ አይረገጥም።

የመልስ ባቡርዎን ሰዓት ከአውቶቡሱ ጀምሮ ይቁጠሩ፦ አውቶቡሱ ለገመድ ባቡሩ፣ ገመድ ባቡሩ ለባቡሩ እንዲደርስ የተያያዘ ነው፤ የመጀመሪያው ካመለጠዎት ሦስቱም ያመልጡዎታል። የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ስለሚሞላ ከሰንጁይንባሺ ይልቅ አንድ መቆሚያ ወደ ኋላ ሄደው ይሳፈሩ።